ስምንተኛ «ለ» ዝም ያለ ጊዜ

በዘመሮ የመምህርን ጉብዝና ለማወቅ ክፍል መግባት አያስፈልግም። አማከለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ መቀመጥ ይበቃል። ሻይ ቤቱና ትምህርት ቤቱ አንድ አጥር ይጋራሉ፤ ስምንተኛ «ለ» ደግሞ ያንን አጥር ተደግፋ የቆመች ክፍል ናት። ከእሷ የሚወጣው ጩኸት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የከተማው ኩራት ነበር።

መምህር ምንይሉ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ያነባል፤ አምሳ ስምንት ልጅ ተቀብሎ ያስተጋባል። በዚህ ጊዜ የአማከለች ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ እንደ ጸናጽል ይንሿሿሉ። ለገበያ የመጣ በግ ገመድ በጥሶ ይሮጣል። ጩኸቱ ጓሳ፣ ጥብቁ የሣር ምድር ድረስ ተሰምቶ ቀይ ቀበሮ የያዘውን አይጥ ለቀቀ የሚሉም አሉ፤ ይሄኛውን አይጡ ራሱ ካልመሰከረ አላምንም። ወላጅ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ቆም ብሎ «ይሄ ነው ማስተማር» ይላል። የሚባለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ግን ያን ያህል የሚጮህ ነገር ውሸት ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ምንይሉ ራሱ የጩኸት ልጅ ነው። የተወለደው ከዘመሮ የሁለት ሰዓት መንገድ ቁልቁል ባለች፣ ከገብስና ከበግ በቀር ብዙ ነገር በሌላት መንደር ሲሆን ፊደል የቆጠረው መሪጌታ አትናቴዎስ ዘንድ ነው። መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ቆብ እየሰፉ፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ፣ ከዐሥራ ሁለት ልጅ ጩኸት መሃል የማን ቃል እንደተዘለለች ያውቃሉ። ምንይሉ በዘጠኝ ዓመቱ ዳዊት ደገመ። ትርጉሙን አልጠየቀም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። ትርጓሜ ሌላ ትምህርት፣ ሌላ ዕድሜ፣ ሌላ ደጅ ነው። ንባብ ይቀድማል፣ ምስጢር ይከተላል፤ ባይከተልም ንባቡ ለራሱ በረከት አለው።

ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ሲሠለጥን እንግሊዝኛ ደረሰው። የሚያውቀውን አደረገ፤ መጽሐፉን እንደ ዳዊት ደገመው። ተመረቀ፣ ዘመሮ ተመደበ፣ ልጆቹንም አስደገማቸው። አግብቶ ወለደ፤ ፀጉሩ ገብስማ ሆነ፤ ጉልበቱ ከትምህርት ቤቱ በር የበለጠ መንጫጫት ጀመረ። አርባ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንም አልጠረጠረውም። እሱም ራሱን አልጠረጠረም።

መጀመሪያ ጥርጣሬ ያስገባበት አንድ ፈረንጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መኪናውን አማከለች በር ላይ አቁሞ፣ የአህያ ጭነት የሚያህል ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መንገድ የጠፋው ሰው ጥያቄ ጠየቀ። ከተናገረው ሁሉ የተሰማን «ጓሳ» የምትለዋ ብቻ ናት። ሦስት ሰው ሮጦ ምንይሉን ከክፍል አወጣው። ምንይሉ ክራቫቱን አስተካከለና አራት ደቂቃ ሳይተነፍስ ተናገረ። በረንዳው ሁሉ ደረቱን ነፋ። ፈረንጁ ዓይኑ ፈጠጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ፤ ከዚያ መኪናውን አዙሮ ከጓሳ በተቃራኒው መንገድ ነጎደ።

«ምን አልከው?» አለችው አማከለች።

«መንገዱን ነገርኩታ።»

የነገረው ምዕራፍ አራትን ነበር፤ ስለ ንጹሕ ውኃ ጥቅም። ይሄን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኮቱ ውስጥ ቅንቅን የገባበት ሰው መሰለ፤ ያካል፣ አይናገርም።

እዚህ ላይ ጋሽ ቅጣውን ማስተዋወቅ ግድ ነው። ጋሽ ቅጣው የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ የወላጅና መምህር ኅብረት ሰብሳቢ፣ በመጠርጠር ደግሞ የወረዳው አንደኛ ናቸው። አውራ ዶሮአቸው ሲጮህ ተነሥተው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሰዓቱና ዶሮው ከተስማሙ ተመሳጥረዋል ብለው ሁለቱንም ይጠረጥራሉ። «እንደምን አደሩ» ያላቸውን ሰው «ምን አስቦ ነው?» ብለው እስከ ገበያው ጫፍ ይከተሉታል። ራሰ በራ የሆኑትም፣ እንደ አማከለች አባባል፣ ፀጉራቸው መጠርጠሩ መርሮት ጥሏቸው ሄዶ ነው።

እኒህ ሰው በምድር ላይ የማይጠረጥሯቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ።

አንዱ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው የእንግሊዝኛ ወረቀት ነው። ሞተሩን ከአዲስ አበባ ሲገዙ ከካርቶኑ ውስጥ ወጣ፤ ደላላው «ይሄ የማሽኑ ዋስትና ነው፤ በሕይወትዎ እንዳይጥሉት» አላቸው። አልጣሉትም። ዱቄቱ ሻከረብኝ የሚል፣ ተራዬ ተዘለለ የሚል፣ ሚዛኑ አንካሳ ነው የሚል ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ጋሽ ቅጣው በጣታቸው ወደ ግድግዳው ያመለክታሉ። «ሕጉ እዚያ ተጽፏል።» ስድስት ዓመት የበነነ ዱቄት መስታወቱን ሸፍኖት የሚታየው ከታች ያለው ክብ ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተም ካለ ደግሞ ክርክር የለም።

ሁለተኛው ልጃቸው ትህትና ናት፤ የስምንተኛ «ለ» የንባብ ንግሥት። ማኅበር ላይ፣ ዝክር ላይ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቷ «እስቲ አንድ ገጽ አሰሚያቸው» ይላሉ። ትህትና ብድግ ብላ መጽሐፏን ዘርግታ ታንቆረቁረዋለች። ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ ስትጨርስ «አሜን» ይላል፤ «ያሳድግሽ» ይላታል።

ባለፈው ጥቅምት ይህቺው ትህትና ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ፣ ምንይሉ በወንበሮቹ መሃል እየተንጎራደደ አጠገቧ ደረሰና ቆመ። አፏ ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው። ጣቷ ገጽ አርባ ስድስት ላይ ነው። በተሰበረው መስኮት የገባ ነፋስ ገጹን ገልብጦባት ኖሮ አላወቀችም። አፏ ስለ ንብ ያወራል፣ ጣቷ ከአውሮፕላን ሥዕል ሥር መስመር በመስመር ይጓዛል፤ ሁለቱም አይደናቀፉም።

«ቁጭ በይ» አላት ቀስ ብሎ።

በማግሥቱ አምሳ ስምንቱንም አንድ በአንድ ፈተነ። «መጽሐፍህን ዘቅዝቀህ ያዝ። አንብብ።» አርባ ዘጠኙ እንደ ውኃ አነበቡ። አንደኛውማ መጽሐፉን ቤቱ ረስቶ የሳይንስ ደብተር ዘርግቶ ነበር፤ ከሁሉ አሳምሮ ያነበበው እሱ ነው። ምንይሉ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ እንዳሳለፈ በጥቁር ሰሌዳው ጥግ ማስላት ጀመረ፤ ግማሽ ላይ በእጅጌው አጠፋው።

ያን ጊዜ አንድ የልጅነት ቀን ትዝ አለው። ሀሁን አጥርቶ የጨረሰ ዕለት እናቱ ደስ ብሏት አንድ አገልግል ዳቦ ይዛ መጣች። መሪጌታ ዳቦውን ተቀበሉ፤ ልጁን ግን አልተቀበሉም። «ገና ነው፤ ሌባ ሊሆን ይችላል» አሉ። ከዚያ አቡጊዳን አወጡበት፤ ያንኑ ፊደል፣ ተራው ተበጥብጦ። ምንይሉ አለቀሰ። «ሀሁን አፍ ይሰርቀዋል፤ ዓይን ሳያይ አፍ ይዞት ይሄዳል። አቡጊዳ ሌባውን መያዣ ነው» አሉት። ምንይሉ በአርባ ሰባት ዓመቱ፣ ጠመኔ በእጁ፣ ለእንግሊዝኛው አቡጊዳ እንዳላበጀለት ገባው።

አበጀለት። የማንም አፍ የማያውቀው ጽሑፍ ያስፈልግ ስለነበር ራሱ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ በቀላል ቃላት ጻፈ፤ ያረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አባዛ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ባለቤቷን ልትሸጥ ገበያ ስለወጣች በግ ነው፤ በጓ ሰውየውን በገመድ አስራ ትጎትተዋለች፣ ገዢዎቹ ጥርሱን እያዩ ያናንቁታል። ከጽሑፉ ሌላ ያወጣው ሕግ ድምፅ አይሰማም የሚል ነበር፤ ድምፅ ከተፈቀደ አንዱ ያነብና አምሳ ሰባቱ ይቀበላል። ግን ለመንዝ ልጅ ሳይጮኹ ማንበብ ሳያኝኩ መዋጥ ነው። ከንፈራቸው አልታዘዝ አለ። ስለዚህ ምንይሉ አንድ ቀን አንድ እቅፍ የገብስ አገዳ ተሸክሞ መጣና ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ አደለ።

«በከንፈራችሁ ያዙት። አገዳው ከተወዛወዘ አፋችሁ እየሠራ ነው። እኔ ዛሬ የምፈልገው ዓይናችሁን ነው።»

ስምንተኛ «ለ» ዝም አለች።

በረንዳው ላይ መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ «ማን ሞተ?» የሚል ነው። ሁለት ሰው ተነሥቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶው የት እንደሆነ ሊጠይቅ ወጣ። በሁለተኛው ቀን የሞተ ሰው እንደሌለ ታወቀ፤ ያኔ ነገሩ ባሰ። ብርጭቆዎቹ ቆሙ። ሰው ሻይ ሲጠጣ ፉት የሚለው ድምፅ ለራሱ ተሰማውና አፍሮ ጠጪው ቀነሰ። አማከለች በአጥሩ ስንጥቅ አየች፤ ተመልሳ መጥታ ያየችውን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

«አምሳ ስምንቱም አፋቸው ላይ እንጨት አለ። አይንቀሳቀሱም። እሱ ደግሞ እጁን አጣምሮ አፍ አፋቸውን ያያል።»

ከዚያ ወዲህ ወሬውን ማን ይያዘው። አፍዝ አደንግዝ ነው የሚያደርግባቸው ተባለ። አይ፣ ደመወዝ አንሶት ድምፁን መቆጠብ ጀምሮ ነው ተባለ። ሌላ እምነት ነው የሚሉም ነበሩ፤ «እነ እገሌ ሲጸልዩ እንዲህ ነው ዝም የሚሉት» አሉ፤ እነ እገሌ የተባሉት ግን በቤታቸው እንዴት እንደሚጮኹ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

የሁሉ መጨረሻ ሳቁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል፣ አንድ ልጅ ብቻውን ሳቀ። ቆይቶ ከወዲያ ጥግ ሌላው። ከዚያ ሦስት ባንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንድ ዘግይቶ የመጣ ሳቅ። በአጥሩ ሥር ያልፍ የነበረ ሰው ሁሉ ኮሌታውን ነካ፣ ሱሪውን አየ። «በማን ነው የሚስቁት?» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በትምህርት ቤቱ በኩል ማለፍ ትቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ መሄድ ጀመረ።

ውስጥ ግን ምንይሉ ደብተር አውጥቶ ማን የት መስመር ላይ እንደሳቀ ይጽፍ ነበር። በጓ ሰውየውን «ይሄ አርጅቷል፣ ለሾርባ ብቻ ነው» የምትልበት ቦታ ላይ ነው የደረሱት፤ በየራሳቸው ጊዜ፣ በየራሳቸው ዓይን። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛ የገባው ልጅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሳቅ ይጋባል፤ አንዱ በጽሑፉ ስቆ ሌላው በሳቂው ስቆ እንደሆነስ? በጣም የጠረጠረው ደግሞ ትህትናን ነው። ትህትና አንድም ቀን አልሳቀችም። አገዳዋ እንደ ሚስማር ቀጥ እንዳለ ወረቀቷ ላይ ታፈጣለች። ሲጮኹ ንግሥት የነበረች ልጅ፣ አፍ ሲዘጋ ባዶ ሆና ቀርታ ይሆን?

ቤቷም ሰላም አልነበረም። ለኅዳር ጽዮን እንግዳ ተጠርቶ፣ ጋሽ ቅጣው «እስቲ አሰሚያቸው» ሲሉ ልጅቱ አልተነሣችም።

«አዲሱ ጽሑፍ ገና አልገባኝም አባዬ» አለች።

«ገባሽ አልገባሽ ማን ጠየቀሽ? አንብቢ ነው ያልኩሽ።»

አላነበበችም። እንግዶቹ «አሜን» የሚሉበት ቦታ አጥተው ጠላቸውን አዩ። ጋሽ ቅጣው በማግሥቱ ኅብረቱን ሰበሰቡ።

ሰባቱ የኅብረት አባላት በትምህርት ቤቱ ግቢ ከጽዱ ሥር በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ኋላ ዘመሮ የገቡት መሪጌታ አትናቴዎስ በዕድሜ፣ አማከለች በልጇ፣ ሌሎቹ በይሉኝታ የገቡ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን በአጭሩ አስቀመጡት፤ ኅብረቱ ካልወደደው ምንይሉ ከሰኞ ጀምሮ ስምንተኛ «ለ»ን ለሌላ መምህር ያስረክባል፤ ለእሱም ክፍት ያለው ሰውነት ማጎልመሻ ነው። ምንይሉ ይህን ሲሰማ ጉልበቱ ቀድሞት ተንጫጫ።

«መምህር፣ ልጆቻችን አፍ ነበራቸው። የት አደረስከው?» አሉ ጋሽ ቅጣው።

«አለ ጋሼ። እያረፈ ነው።»

«የሚያርፈው የሬሳ አፍ ነው።»

መሪጌታ አትናቴዎስ ከቆባቸው ሥር አዩት። «ምንይሉ፣ እየሰማን እንኳ ይሰርቁናል። ሳትሰማ ማንበባቸውን በምን ታውቃለህ?»

«እኔም የምጠረጥረው እሱን ነው መሪጌታ።»

«እንግዲያው ራስህ ያላመንከውን እኛን እመኑ ትለናለህ?» አሉ ጋሽ ቅጣው።

«ጓሳ ለአጨዳና ለግጦሽ ሲዘጋ ስንት ዓመት ዝም ይላል፤ ሣሩ አላደገም ትላላችሁ?» ብላ አማከለች ገባችበት። ያን ሰሞን ጠጪ የቀነሰባት ሴት እንዲህ ማለቷ ብዙውን ሰው ገረመው።

«ጓሳ ሲዘጋ ጠባቂ አለው። ሲከፈት ደግሞ ሣሩን በእጄ ይዤ አያለሁ» አሉ ጋሽ ቅጣው።

«ይዩታ» አለ ምንይሉ። «ልጅዎን ይጥሯት። ጽሑፉን እኔ አልመርጥም፤ እርስዎ ይምረጡ። ብቻ ማንም አንብቦት የማያውቅ ይሁን።»

ጋሽ ቅጣው ይሄ ወጥመድ ከየት በኩል እንደሚያጠብቅ ረጅም ጊዜ አሰቡ። የመምህሩ ወረቀት ይጠረጠራል። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይጠረጠራል። በዘመሮ ውስጥ የማይጠረጠር የእንግሊዝኛ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ተነሥተው ወፍጮ ቤታቸው ሄዱ፤ መስታወቱን ታቅፈው እንደ ታቦት በዝግታ ተመለሱ፤ በጋቢያቸው ጫፍ የስድስት ዓመቱን ዱቄት ጠረጉ።

«ያስከበረኝ ወረቀት ነው። አንዲት ፊደል ብትስት አውቃለሁ።»

«እንዴት ያውቃሉ?» አለች አማከለች።

«አውቃለሁ ነው ያልኩት።»

ትህትና ተጠርታ መጣች። መስታወቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ከኪሷ የገብስ አገዳ አውጥታ ከንፈሯ ላይ ያዘች። አባላቱ አጉረመረሙ። ምንይሉ ዓይኑን ከአገዳው አላነሣም። የተዘቀዘቀ መጽሐፍ ሲፈትሽ ስለከረመ፣ ከፊት ለፊቷ ሆኖ ዘቅዝቆ ያየውን ትልቁን ርዕስ ለራሱ ለማንበብ ጊዜ አልፈጀበትም። አነበበ፤ ወዲያው ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

የመጀመሪያው መስመር ላይ አገዳው ቀጥ አለ። ሁለተኛው ላይም። አራተኛው ላይ የልጅቱ ዓይን ከወረቀቱ ተነሥቶ አባቷ ራስ ላይ አረፈ፤ ተመለሰ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አገዳው ወደቀ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ጋሽ ቅጣው።

«ምንም።»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

ልጅቱ ሰባቱን አባላት አየች፤ መምህሯን አየች፤ አባቷን አየች። የሚለውን ብትናገር አባቷ፣ ባትናገር መምህሯ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«አልገባኝም» አለች።

በወንበሮቹ ላይ ትንፋሽ ወጣ። ጋሽ ቅጣው ወደ ምንይሉ ዞሩ። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«የምትለው የለህም?»

«የለኝም ጋሼ። እንደወደዳችሁ ፍረዱ።»

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶ አወጡ። ጋሽ ቅጣው ግን እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው፣ ዶሮውና ሰዓቱ የተስማሙበትን ቀን ፊት መሰለ።

«ይቆይ» አሉ። «ልጄ አልገባኝም አለች፤ ስቃለች። ይሄ ሰው ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ጉልበቱ ኳስ ሊያባርር ነው፤ አይከራከርም። እንዲህ ያለ ነገር ደኅና ሆኖ አያውቅም። ይቆይ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ወፍጮው ቆመ፤ አስፈጪዎች ተበተኑ። ጋሽ ቅጣው በሩን መለስ አድርገው ልጃቸውን ኩንታል ላይ አስቀመጡ። የተባባሉትን እንዴት አወቅን ለሚል፣ የወፍጮ ቤቱም ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ አማከለችም ጆሮ አላት።

«አሁን ሰው የለም። ምን ይላል?»

«ስለ ወፍጮ አይደለም አባዬ።»

«ስለ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ፀጉር ማድረቂያ ነው።»

ጋሽ ቅጣው መስታወቱን አንሥተው ጉልበቷ ላይ አኖሩት።

«አንብቢው። በአማርኛ።»

«‹ገላዎን በሚታጠቡበት ጊዜ አይጠቀሙበት። ረጅም ፀጉር ያላቸው ሰዎች ከማሽኑ ኋላ እንዳይጠጉ፤ ፀጉር ስቦ ያስገባል።›»

የጋሽ ቅጣው እጅ ሳያዙት ወደ ራሳቸው ወጣ፤ የሚይዘው አጥቶ ተመለሰ።

«ዋስትናስ? ዋስትና የሚል የለውም?»

«አለው። ስድስት ወር። ግን የማድረቂያው ነው።»

«ማኅተሙስ?»

«እርጥብ እጅ አያስነካም ነው የሚለው።»

ጋሽ ቅጣው ኩንታሉ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሕጉ እዚያ ተጽፏል» ያሏቸው ሰዎች በዓይናቸው ፊት ተሰልፈው አለፉ፤ የተሰለፉትም ተራ ጠብቀው ነበር።

«ለምን እዚያ አልተናገርሽም?»

«ሰው ነበረ።»

ይሄን ሲሰሙ ልጃቸውን እንደ አዲስ አዩአት። ድምፃቸውን ቀንሰው ጠየቁ። «ያ እንግዳ ፊት የምታነቢው… እሱስ ምንድን ነበር?»

«ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን ሳየው ስለ ንብ ነው። ንብ ከቀፎ ስለማስወጣት።»

«መሪጌታ አሜን ያሉት?»

«እሱን ነው።»

በማግሥቱ ኅብረቱ ተሰብስቦ የጋሽ ቅጣውን ቃል ሰማ። ምንይሉ በስምንተኛ «ለ» ይቆያል፤ ዝምታውም ይቀጥላል። ምክንያት ሲጠየቁ «ጮኾ የሚያነብ ልጅ ያነበበውን ለማንም ይዘራዋል። ዝም ብሎ የሚያነብ ግን የቤት ሰው ነው» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ቃለ ጉባኤው «ዝምታው እየተጣራ ይቀጥል» ይላል። መሪጌታ አትናቴዎስ ሲወጡ ምንይሉን በጎን ጎተት አድርገው «ያልገባው ሰው አይስቅም። አቡጊዳህን አግኝተሃል» አሉት፤ ቆባቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ወረቀቱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ማውረድ ጥያቄ ያመጣል፤ ጥያቄ ደግሞ ጋሽ ቅጣው የሚጠይቁት እንጂ የሚመልሱት ነገር አይደለም። የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስታወቱን ጠርገውታል።

በገና ሰሞን የስምንተኛ «ለ» ልጆች ገብስ እየተሸከሙ መምጣት ጀመሩ። ወረፋ ይይዛሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ግድግዳውን ያያሉ፤ ዝም ብለው ይቆማሉ። ቆይቶ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምን ያስቅሃል?» ይላሉ ጋሽ ቅጣው።

«ምንም» ይላል ልጁ።

ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ዱቄት መስታወቱ ላይ ይበትናሉ፤ አይይዝም። ስድስት ዓመት የፈጀው በስድስት ቀን አይሠራ። የሚገርመው ደግሞ ዘንድሮ ገብስ የሌላቸው ቤቶች ልጆች ሳይቀሩ አንዲት ጣሳ ይዘው ወረፋ መያዛቸው ነው። ማን እንደሚልካቸው አይታወቅም። የሚታወቀው መምህር ምንይሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቱን ፀሐይ እያሞቀ፣ ደብተር ይዞ መቀመጡ ነው።

ባለፈው ሳምንት አማከለች ሻይ ስታመጣለት ደብተሩን አጮልቃ አየች። ከአምሳ ስምንቱ አርባ አንዱ ስም ላይ ምልክት አለ።

«የቀሩት አይችሉም ማለት ነው?» አለችው።

ምንይሉ ወደ ወፍጮ ቤቱ በር አየ። አንዲት ልጅ ከግድግዳው ፊት ቆማለች፤ ትከሻዋ አይንቀሳቀስም፤ ከንፈሯን ግን በጥርሷ ጥብቅ አድርጋ ነክሳለች። ጋሽ ቅጣው ከጀርባዋ ቆመው ያዩዋታል።

«ወይ አልቻሉም፣ ወይ ጨዋ ናቸው» አለ ምንይሉ፤ ስሟ ላይ ግማሽ ምልክት አደረገ። «እነሱን ነው የምጠረጥረው።»